ከድንጋዩ ስር ያለችው አንድ ስንዝር ጭቃ፦ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በኮምፒውተር ስሠራ

ለማስተርስ ቴሲሴ የያዝኩት በዓባይ በረሃ መንገድ ዳር ያለ አንድ የተቆረጠ ቁልቁለት ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። ይህ ገደል ይቆማል ወይስ ይናዳል? መልሱን በኮምፒውተር ሞዴል መፈለግ ነበረብኝ። ሥራው አስራ አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የባከነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስረዳኝ በአንድ ከሰዓት በሚገቡኝ ነገሮች ነው። ጂኦሎጂ፣ ሲቪል ወይም ማዕድን ምህንድስና ተምራችሁ አሁን «ሞዴሊንግ ሥሩ» የተባላችሁ ካላችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ከጎሃ ፅዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ወንዙን በህዳሴ ድልድይ ይሻገርና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ጉዞ የምድርን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ታያላችሁ። አናቱ ላይ ጥቁር ባዛልት አለ። ቀጥሎ የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ። ከዚያ ገደል ሠርቶ የቆመው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ። ከኖራው በታች ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይነጠፋሉ፤ ጂኦሎጂስቶች የጎሃ ፅዮን ፎርሜሽን ይሉታል። ወደ ወንዙ ስትጠጉ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ኖራውና ጂፕሰሙ የሚገናኙበትን ልብ በሉ። ጠንካራው ከላይ ነው፤ ደካማው ከስር። የችግሩ ሁሉ ምንጭ እዚያ ነው። እኔ ግን ይህ የገባኝ በሰባተኛው ወር ነው።

ሞዴል ስል ምን ማለቴ ነው? የቁልቁለቱን ቅርጽ ከሳላችሁ በኋላ በብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ትከፋፍሉታላችሁ። ይህ መረብ ሜሽ ይባላል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ክብደት፣ ጥንካሬና የመለጠጥ ባሕርይ ትሰጡታላችሁ። ኮምፒውተሩ ቁራጩ ላይ ያረፈውን ስትረስ፣ ማለትም በስፋቱ ልክ የሚሸከመውን ጫና፣ ያሰላል። ድንጋዩ ሊሸከም ከሚችለው ጋርም ያስተያያል። ያልቻለው ቁራጭ ሸክሙን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ጎረቤቱም ካቃተው ለሚቀጥለው። የደከሙት ቁራጮች ከስር እስከ አናት ሲገጣጠሙ ቁልቁለቱ ይናዳል።

የመጀመሪያ ሞዴሌ ውጤት በጣም አስደስቶኝ ነበር። ቁልቁለቱ ንቅንቅ አይልም። ሦስት ቀን ይህን ይዤ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ሞዴሉ ስር ያለውን የቁም ስትረስ አየሁት። የድንጋይ ክብደት በሜትር ኪዩብ 27 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ 2.7 ሜጋ ፓስካል መገኘት አለበት። የእኔ ሞዴል ያሳየው የዚህን አንድ ሺኛ ነው። ዴንሲቲው ላይ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ስንት ኪሎ ግራም እንደሆነ በሚጠይቀው ቦታ፣ 2700 ማስገባት ሲገባኝ 2.7 ብዬ ነበር። ሶፍትዌሩ ምንም አላለኝም። ቶን ይሁን ኪሎ ግራም እሱ አያውቅም፤ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውንም ሞዴል ስከፍት በመጀመሪያ የማየው የቁም ስትረሱን ነው። በእጅ ካሰላሁት ጋር ካልገጠመ ወደ ሌላ ነገር አልሄድም።

ሌላ ከሁሉ በፊት ልታደርጉት የሚገባ ነገር አለ። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ጥያቄ ለሶፍትዌሩ ስጡት። እ.ኤ.አ. በ1898 ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ ክብ ቀዳዳ ባለው ሰፊ ገጽ ላይ ስትረስ እንዴት እንደሚከፋፈል በቀመር አስቀምጧል። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ብትጫኑት፣ ቀዳዳው ጎን ላይ ያለው ስትረስ ከጫናችሁት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ብትጫኑት ሁለት እጥፍ። እኔ ስሞክረው 3 መምጣት ሲገባው 2.5 መጣ። ቀዳዳው አጠገብ ያለው ሜሽ በጣም ሰፊ ነበር። ሳጠበው 2.9 ገባ። የዋሻ ሥራ ያላችሁ ከዚህ ሌላ ትምህርት ታገኛላችሁ። የሞዴሉን ዳር ለቀዳዳው ካስጠጋችሁት ውጤቱ ይዛባል። ዳሩን ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት አምስት እጥፍ ያህል አርቁት።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ከኖራ ድንጋዩ ኮር ወስደን ላብራቶሪ አስገባን። ጥንካሬው 60 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሆኖ መጣ። ይህን ቁጥር በቀጥታ ለቁልቁለቱ ሰጠሁት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ችግሩ ቁልቁለቱ ኮር አለመሆኑ ነው። ኮር በእጅ የሚያዝ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ተመርጦ የወጣ ደህና ቁራጭ ነው። የተሰነጠቀውማ መጀመሪያውኑ ከመቆፈሪያው ሳይወጣ ተሰባብሮ ቀርቷል። ቁልቁለቱ ግን ባለ ስንጥቅ ነው፤ ውሃ የገባበት፣ ሥር የሰደደበት፣ በድማሚት የተመታ ነው።

ሆክና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት መስፈርት ለዚህ ነው የሚጠቅመው። በኋላ የተጨመረው ጂኤስአይ የሚባል ነጥብ አለ። ድንጋዩ ምን ያህል እንደተሰነጣጠቀና የስንጥቁ ፊት ምን እንደሚመስል በዓይን አይታችሁ ነጥብ ትሰጡታላችሁ። ለእኔ ቦታ 45 ሰጠሁ። ቀመሩ ውስጥ ሳስገባው የ60 ሜጋ ፓስካሉ ድንጋይ እንደ ጅምላ ሲታይ ወደ 2.7 ወረደ። ድማሚት ያደረሰውን ጉዳት የሚወክለውን ቁጥር 0.7 ስለው 1 ገደማ ሆነ። 1 ስለው ደግሞ ወደ 0.6 ወረደ። ከ60 ተነስተን 0.6 ደረስን ማለት ነው። አንድ መቶኛ! በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ማሽን ሳይሆን የእናንተ ዓይን ነው። ስለዚህ ጂኤስአይን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ከፎቶ አትስጡ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ሂዱና እየብቻችሁ ነጥብ ስጡ። ከዚያ አስተያዩት። እኔና ጓደኛዬ በአንድ ቦታ ላይ በ12 ነጥብ ተለያይተናል። ሁለታችንም ከልባችን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የድማሚት ጉዳት የሚደርሰው ወደ ፊት ለፊቱ በቀረበው ክፍል ላይ ነው። ለመላው ተራራ ያንን ቁጥር ከሰጣችሁ ያልተነካውን ድንጋይ አድክማችሁታል። ፊቱን ለብቻ ቀጠና አድርጋችሁ ክፈሉት።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ መሬቱን እንደ ጥንቱ፣ መንገድ ሳይቆረጥ አስቀምጡት። በራሱ ክብደት ይረጋ። ከዚያ መንቀሳቀሱን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ በኋላ መንገዱን በደረጃ ቁረጡት። ይህን ካላደረጋችሁ ተራራው ከተፈጠረ ጀምሮ የረጋበትን ሁሉ እንደ አዲስ እንቅስቃሴ ያሳያችኋል። እኔ ግማሽ ሜትር የሚወርድ አናት አይቼ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩት በዚህ የተነሳ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ሴፍቲ ፋክተሩን አሰላሁ። ዘዴው ቀላል ነው። የድንጋዩን ጥንካሬ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ቁልቁለቱ መቼ እንደሚሄድ ታያላችሁ። በ1.6 ብታካፍሉት የሚናድ ከሆነ ሴፍቲ ፋክተሩ 1.6 ነው። የእኔ 1.6 መጣ። ጥሩ ነው የሚባል ቁጥር ነው። አማካሪዬ ወረቀቱን አይቶ «ከዚህ ቁልቁለት በላይ ያለውን ሰው አነጋግረሻል?» አለኝ። አላነጋገርኩም ነበር። «እንግዲያው ሂጂ» አለኝ።

ደጀን አድሬ በማግስቱ ወረድኩ። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ጤፍ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። መዶሻዬንና ኮምፓሴን አይተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ድንጋዩ ይሄድ እንደሆነ ላጠና ነው አልኳቸው።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «የሚሄደው ከስሩ ያለው ነው።»

«በክረምት ነው አባባ የሚሄደው?»

«በሐምሌ አይሄድም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መስከረም ሲጠባ። ማሳዬ ላይ ይከፈታል። በየዓመቱ ድንጋይ እሞላበታለሁ፤ በየዓመቱ ይውጠዋል።»

ወስደው አሳዩኝ። ከገደሉ ጠርዝ ወደ ኋላ አስር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ የቁልቁለቱን እግር ቆፈርኩ። ከላይ የወረደውን ናዳ ሳነሳ ከኖራው ስር ግራጫ የጭቃ ድንጋይ ወጣ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እርጥብ ነበር፤ በጣቴ ስጨምቀው እንደ ሊጥ ወጣ። ፊቱ የተወለወለ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚያመለክት ጭረትም አለበት። ንጣፉ ራሱ ወደ መንገዱ በትንሹ ያዘነበለ ነው። ይህ ቁልቁለት ከዚህ በፊት ተንቀሳቅሷል። እኔ ያንን ንጣፍ ሞዴሌ ውስጥ አላስገባሁትም። ለሜሹ በጣም ስስ ስለሆነ «ችላ ቢባል ምን ያመጣል» ብዬ ነበር።

ቫዮንትን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ጥቅምት 9 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጣሊያን 270 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ድንጋይ ከተራራ ተንሸራትቶ ግድብ ውስጥ ገባ። ውሃው በግድቡ አናት አልፎ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ግድቡ ራሱ ቆሞ ቀረ። ድንጋዩ የተንሸራተተው በኖራው መካከል ባሉ ስስ የሸክላ ንጣፎች ላይ ነው። በክፍል ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ያቺን ጭቃ በእጄ እስክይዝ ድረስ ግን አልገባኝም ነበር።

ሞዴሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። ስሱን ንጣፍ በሜሽ ቁራጭ ሳይሆን እንደ መገናኛ ፊት አስገባሁት፤ አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ይህን ይፈቅዳሉ። አንዴ የተንሸራተተ ጭቃ የመጀመሪያ ጥንካሬው አይመለስለትም። ስለዚህ ኮሂዥኑን (እርስ በርሱ የሚጣበቅበትን ኃይል) ዜሮ፣ የፍሪክሽን አንግሉን (ሰበቃው ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጸውን ማዕዘን) 16 ዲግሪ አደረግኩት። አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። እጄ ላይ የነበረው የላብራቶሪ ውጤት የደረቀ ናሙና ውጤት ነበር። ቅጹ ላይ አልተጻፈም፤ ደውዬ ስጠይቅ ነው ያወቅኩት። የጭቃ ድንጋይ ሲረጥብ ጥንካሬው ብዙ ይወርዳል። ናሙና ስትልኩ «እንደወጣ እርጥበቱ ተጠብቆ» ብላችሁ ጻፉ፤ በፕላስቲክም አሽጋችሁ ላኩ። በንጣፉ ብቻ ሴፍቲ ፋክተሩ ከ1.6 ወደ 1.2 ወረደ።

ከዚያ የሽማግሌውን ስንጥቅ ጨመርኩ፤ ውሃም ሞላሁበት። ይህን በእጃችሁ አስሉት። ስንጥቁ ውስጥ 10 ሜትር ውሃ ቢቆም ስሩ ላይ ያለው ግፊት 98 ኪሎ ፓስካል ነው። ከላይ እስከ ታች ሲደመር በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 490 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። በእኛ ቋንቋ አምስት መቶ ኩንታል ማለት ነው። አምስት መቶ ኩንታል በየሜትሩ ገደሉን ወደ መንገዱ ይገፋል። በዚያ ላይ ውሃው ከስር ገብቶ ድንጋዩን ከጭቃው ላይ ያነሳዋል፤ ክብደቱ ሲቀንስ ሰበቃውም ይቀንሳል። ሴፍቲ ፋክተሩ 0.98 መጣ። ከ1 በታች፤ ይናዳል ማለት ነው።

ለምን መስከረም ሲጠባ እንደሆነም ገባኝ። የሐምሌው ዝናብ አብዛኛው በላይ ላይ ይጎርፋል። ወደ ውስጥ የሚሰርገው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። የጭቃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ማለፍ ስለማይችል ይጠራቀማል። ጥልቀት ላይ ያለው ውሃ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። በመካከሉ ያለው ጂፕሰምም በውሃ ይሟሟል፤ በሊትር 2 ግራም ገደማ። በአንድ ክረምት ብዙ አይመስልም። ለዘመናት ሲደጋገም ግን ባዶ ቦታ ይተዋል።

ስለ ስንጥቆቹ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን የነገርኳችሁ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው መንገድ ነው። ድንጋዩን እንደ አንድ ወጥ አካል ነው የሚያየው። ኖራው ግን በቁም ስንጥቆች እንደ ተደረደረ ጡብ ተከፋፍሏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፒተር ከንዳል እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው ዘዴ ይሻላል። ድንጋዮቹ ለየብቻ ይቆማሉ፤ ይነካካሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ይገለበጣሉ። ዩዴክ የሚባለው ሶፍትዌር በዚህ ላይ የተሠራ ነው። በዚህ መንገድ ስሠራው አንድ አዲስ ነገር ታየኝ። ከስር ያለው ለስላሳ ጭቃ ወደ ውጭ ሲጨመቅ፣ ፊት ለፊት ያለው የኖራ ዓምድ ከመንሸራተቱ በፊት ወደ መንገዱ ያጋድላል። ያኛው ሞዴል ይህን ፈጽሞ አላሳየኝም።

በትንንሽ ክብ ቅንጣቶች ድንጋይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ያዴ የሚባለው በነጻ ይገኛል፤ በፓይተን ነው የሚታዘዘው። ስንጥቅ ሲወለድና ሲያድግ ማየት ለሚፈልግ ሰው ልብ ይሰርቃል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክራችሁም። የቅንጣቶቹ ቁጥር የድንጋዩ ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ የላብራቶሪውን ሙከራ ራሱን በኮምፒውተር ደግማችሁ፣ ውጤቱ እስኪገጥም ቅንጣቶቹን ማስተካከል አለባችሁ። ያም ሆኖ ክብ ቅንጣት ሲጫኑት ልክ ከገጠመላችሁ፣ ሲስቡት ከእውነተኛው ድንጋይ ይበልጥ ይጠነክራል። እኔ ስድስት ሳምንት አጥፍቼበት ትቼዋለሁ።

ሜሽን በተመለከተ፦ ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ እንዲደክም ካደረጋችሁት ስብራቱ በአንዲት የቁራጭ ስፋት ላይ ይሰበሰባል። ሜሹን ስታጠቡት ስብራቱም አብሮ ይጠባል፤ ውጤቱም ይለወጣል። ስለዚህ ያንኑ ሞዴል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ሜሽ አስኬዱት። ሌላው፣ ፕሮግራሙ «ኮንቨርጅ አላደረገም» (ስሌቱ የረጋ መልስ ላይ አልደረሰም) ሲላችሁ ቁልቁለቱ ተናደ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዲት የተጣመመች ቁራጭም ይህን ታደርጋለች። አናት ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች በግራፍ አውጡ። እንቅስቃሴው በድንገት ሽቅብ ከወጣና የደከመው መስመር ከእግር እስከ አናት ከተገናኘ፣ ያኔ መናድ ነው።

ኮምፒውተሬ 8 ጊጋ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ነበር። ለረጅም የመንገድ ቆረጣ በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ሞዴል ይበቃል፤ ሦስት አቅጣጫ ካልሠራሁ ብላችሁ አትጨነቁ። መብራት ይሄዳልና በየደረጃው እንዲያስቀምጥ እዘዙት። ለእያንዳንዱ ፋይል ቀንና የተለወጠውን ነገር በስሙ ላይ ጻፉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚል ስም ከሁለት ወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም።

በቴሲሴ ላይ አንድ ቁጥር አልጻፍኩም። ሦስት ጻፍኩ፤ ደረቅ ሲሆን፣ ስንጥቁ በግማሽ ሲሞላና ሙሉ በሙሉ ሲሞላ። ቴሲሴን በፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ቀን «ትክክለኛው የቱ ነው?» ተብዬ ነበር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ወሩን ንገሩኝና የቱ እንደሆነ እነግራችኋለሁ አልኩ።

ለሽማግሌው ደግሞ ስንጥቁን በድንጋይ መሙላት ውሃውን እንደማይከለክል ነገርኳቸው። ጭቃ ጠቅጥቀው ቢደፍኑትና ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ወደ ጎን ቢያዞሩት እንደሚሻል አስረዳሁ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችካል ተከልን። ልጃቸው በየሁለት ሳምንቱ በሜትር ለክቶ እንዲደውልልኝ ተስማማን። ነሐሴ መጨረሻ 2 ሜትር ከ40 ነበር። በመስከረም አጋማሽ 2 ሜትር ከ41። መስከረም 28 ደወለ። 2 ሜትር ከ44 ሆኗል አለኝ። ቦይውን ገና ግማሽ ነው የቆፈሩት። ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና የሞዴሌን እንቅስቃሴ ከሱ ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ ጀመርኩ።